ለጌም ቤት ኮንሶል ወይስ ክላውድ? 50 ሜጋ ፋይበር ለምን አልበቃም?

ሜክሲኮ_ጌም (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ሜክሲኮ አካባቢ ስድስት መቀመጫ ያለው ጌም ቤት ለመክፈት እየተዘጋጀን ነው። የምናማክረው ሰው ሁሉ «ኮንሶል እየቀረ ነው፣ ጌሙ ወደ ክላውድ እየሄደ ነው» ይለናል፤ ጌሙ ሩቅ ባለ ሰርቨር ላይ ይሠራል፣ ወደ ቲቪው ምስሉ ብቻ በኢንተርኔት ይመጣል ማለታቸው ነው። ስለዚህ ስድስት ፕሌይስቴሽን ከምንገዛ ስድስት ስማርት ቲቪና ጆይስቲክ ብቻ ገዝተን በክላውድ ብናስጫውት የሚል ሐሳብ መጣ።

መስመሩ 50 ሜጋ ፋይበር ነው። የፍጥነት መለኪያው 48 ሜጋ እና 4 ሚሊሰከንድ ፒንግ (መልእክት ሰርቨር ደርሶ የሚመለስበት ጊዜ) ያሳያል፤ ዩቲዩብ በ4ኬ ሳይቆም ይሄዳል። ነገር ግን በቪፒኤን የአውሮፓ ክላውድ ሲሞከር ምስሉ ይደበዝዛል፣ ቁልፉ ተጭኖ ኳሱ የሚመታው ዘግይቶ ነው፣ ማታ ማታ ደግሞ ጭራሽ ይቆራረጣል። መስመሩን ወደ 100 ሜጋ ብናሳድገው ይስተካከላል? ካልሆነስ የትኛውን ኮንሶል እንግዛ?

ኬብል_ሰው

ወደ 100 ብታሳድገውም ያው ነው፤ ገንዘብህን አታውጣ። ያጠረህ ፍጥነት አይደለም፣ ርቀቱ ነው ያሸነፈህ።

የፍጥነት መለኪያው 4 ሚሊሰከንድ ያሳየህ እዚሁ አገር ውስጥ ካለ ሰርቨር ጋር ስለተነጋገረ ነው። ዩቲዩብም ማስረጃ አይሆንም። ቪዲዮ አንዴ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ፋይል ስለሆነ ለተመልካቹ ቅርብ ከሆነ ማከማቻ ሊመጣ ይችላል፤ በዚያ ላይ የሚቀጥሉትን ብዙ ሰከንዶች አስቀድሞ ያወርዳል። መስመሩ ለሁለት ሰከንድ ቢጠፋ አታውቀውም። ጌም ግን አስቀድሞ ሊወርድ አይችልም፤ የሚቀጥለው ምስል አንተ ገና ያልተጫንከውን ቁልፍ እየጠበቀ ነውና።

አሁን ሒሳቡን ተመልከት። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በአንድ ሚሊሰከንድ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ከአዲስ አበባ እስከ ፍራንክፈርት በቀጥታ መስመር 5,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደርሶ መልሱ 10,600 ኪሎ ሜትር፣ ለ200 ሲካፈል 53 ሚሊሰከንድ። ይህ ኬብሉ አንድም ቦታ ሳይታጠፍ ቢዘረጋ ነው። እውነተኛው መንገድ ግን የባሕር በር ስለሌለን በጅቡቲ ወይም በኬንያ ወጥቶ በባሕር ኬብል ይዞራል፣ በየመንገዱም ራውተር አለ፤ ስለዚህ ወደ አውሮፓ ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ ማየት የተለመደ ነው። በየካቲት 2024 እና በመስከረም 2025 እ.ኤ.አ. እንደሆነው የቀይ ባሕር ኬብሎች ሲቆረጡ ደግሞ ትራፊኩ በሌላ አቅጣጫ ስለሚዞር ይብሳል።

የኒቪዲያው የክላውድ ጌም አገልግሎት ጂፎርስ ናው ከዳታ ሴንተሩ (ሰርቨሮቹ ካሉበት ማዕከል) ያለው መዘግየት ከ80 ሚሊሰከንድ በታች እንዲሆን ይጠይቃል፤ ጥሩ ነው የሚለው ደግሞ ከ40 በታች ያለውን ነው። በሰከንድ 60 ምስል በሚያሳይ ጌም አንድ ምስል 16.7 ሚሊሰከንድ ይቆያል። ስለዚህ 120 ሚሊሰከንድ ማለት በሰባት ምስል ዘግይተህ እየተጫወትክ ነው ማለት ነው። ሰርቨሩ ምስሉን ለመጭመቅ፣ ቲቪው ደግሞ ለመፍታት የሚወስዱት ጊዜ ገና አልተቆጠረም። ተራ በተራ የሚጫወቱት የስትራቴጂ ጌም ቢሆን ይታለፋል፤ ኳስና ቦክስ ግን በዚህ አይሆኑም።

ቪፒኤኑም መንገዱን አያሳጥርም። ፓኬቱ (የምትልከው የዳታ ቁራጭ) መጀመሪያ ወደ ቪፒኤኑ ሰርቨር፣ ከዚያ ወደ ክላውዱ ይሄዳል፤ የተሰበረ መንገድ ላይ ሌላ መታጠፊያ ጨመርክበት ማለት ነው።

ራስህ ለማረጋገጥ እንዲህ ለካው። ኮምፒውተሩን በዋይፋይ ሳይሆን በኔትወርክ ኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኘው። ቪፒኤኑን አጥፋ። የክላውድ ማዕከሎችን መዘግየት በብራውዘር ከሚለኩ ገጾች አንዱን ክፈትና ፍራንክፈርትን፣ ባሕሬንን፣ ዱባይን፣ ጆሃንስበርግን እና ኬፕታውንን አወዳድር። ከዚያ የተሻለውን መርጠህ በፒንግ 200 ፓኬት ላክ። አማካዩን ብቻ አትይ፤ በትንሹና በትልቁ መካከል ያለውን ልዩነት እና የጠፋውን በመቶኛ ተመልከት። ልዩነቱ ከ30 ሚሊሰከንድ ከበለጠ ወይም ከ100 ፓኬት ከአንድ በላይ ከጠፋ፣ ያየኸው የምስል መደብዘዝ የሚመጣው ከዚያ ነው፤ ሰርቨሩ መስመሩ እንደተጨናነቀ ሲያይ ጥራቱን ዝቅ ያደርጋል። ይህንኑ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ እና ማታ ከ1 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ድገመው። የማታው የተለየ ከሆነ የጋራው መስመር ሰው በዝቶበታል ማለት ነው፤ ያንን ከቤትህ ሆነህ የምታስተካክለው አይደለም።

ከቤትህ የሚስተካከለው አንድ ነገር አለ። አንዱ ኮምፒውተር ትልቅ ፋይል እየጫነ ፒንግህ ከ4 ወደ 200 የሚዘል ከሆነ ራውተሩ ፓኬት እያጠራቀመ ነው። ኤስኪውኤም የሚባለው የወረፋ መቆጣጠሪያ ያለው ራውተር ከሆነ አብራውና ገደቡን ከለካኸው ፍጥነት ከ85 እስከ 90 በመቶ አድርገው፤ ለ48 ሜጋ ከ41 እስከ 43 መሆኑ ነው። የቤት ውስጡ መንተባተብ ይቀንሳል፣ የባሕሩ ርቀት ግን እዚያው ነው።

ሒሳብ_ይዘን

ኬብል_ሰው ያለው ሁሉ ልክ ነው። ግን ዳታ ሴንተር ነገ ቦሌ ቢተከል እንኳ ለጌም ቤት የማይሆንበት ሌላ ምክንያት አለ።

በ1080ፒ (ሙሉ ኤችዲ) ጥራት እና በሰከንድ 60 ምስል አንድ መቀመጫ 20 ሜጋ ያህል ይፈልጋል፤ ጂፎርስ ናው 25 ይላል። ስድስቱ በአንድ ጊዜ ሲሠሩ ቢያንስ 120 ሜጋ፣ ያውም ሳይቆራረጥ። 20 ሜጋ በሰዓት 9 ጊጋባይት ነው። በቀን 10 ሰዓት ብታስጫውት በመቀመጫ 90፣ በስድስቱ 540 ጊጋባይት። በወር 26 ቀን ብትሠራ 14 ቴራባይት። «ያልተገደበ» የሚል ጥቅል ላይ ፍትሐዊ አጠቃቀም የሚል (ብዙ ለሚጠቀም ሰው ገደብ የሚያስቀምጥ) አንቀጽ ካለ፣ ከመፈረምህ በፊት በጽሑፍ ጠይቅ።

ከዚያ የሰዓት ገደቡ ይመጣል። ጂፎርስ ናው ለሚከፍሉ ደንበኞች በወር 100 ሰዓት የሚል ጣሪያ አውጥቷል፤ ከጥር 2025 ጀምሮ ለአዲሶች፣ ከጥር 2026 ጀምሮ ለነባሮቹም። በቀን 10 ሰዓት በሚሠራ ቤት አንድ አካውንት በዐሥር ቀን ያልቃል። አንድ አካውንት ደግሞ አንድ መቀመጫ ብቻ ነው የሚያስጫውተው። ውሉ ለግል መጠቀሚያ እንጂ በሰዓት ለማከራየት አይፈቅድም። የሶኒም ሆነ የኤክስቦክስ ክላውድ ኢትዮጵያን ከአገልግሎት አገሮቹ ውስጥ አላስገባም፤ በሌላ አገር አድራሻ የተከፈተ አካውንት ቢዘጋብህ አቤት የምትልበት ቦታ የለህም።

አሌክሳንድሪያ_ቪኤ

«ክላውድ አይሠራም» ተብሎ እንዳይወሰድ ከዚህ ወገን ያለውን ልጨምር። እዚህ ሰሜን ቨርጂኒያ፣ ብዙ ሐበሻ በሚኖርበት አካባቢ፣ ክላውድ ጌም በደንብ ይሠራል፤ ምክንያቱም በዓለም ትልቁ የዳታ ሴንተር ክምችት አሽበርን ላይ ነው፣ ከአሌክሳንድሪያ የመኪና መንገድ። መዘግየቱ በነጠላ አሃዝ ሊወርድ ይችላል። ሳዑዲ ላሉትም የቴሌኮም ድርጅቱ ዘይን ከኒቪዲያ ጋር በመሆን ጂፎርስ ናውን እዚያው አገር ውስጥ አስገብቷል። አገልግሎቱ አንድ ቢሆንም ውጤቱ እንደ ርቀቱ ይለያያል።

ኢንዱስትሪው ተሻገረ የሚለው ግን ገና ነው። ኦንላይቭ የተባለው የክላውድ ጌም አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2010 ጀምሮ በ2015 ተዘጋ። ጉግልም የራሱን አገልግሎት ስታዲያን በኅዳር 2019 ከፈተ፣ በጥር 2023 ዘጋ። ስታዲያን የገደለው ቴክኖሎጂው አልነበረም፤ ጥሩ መስመር ላለው ሰው ይሠራ ነበር። ጌሙን በሙሉ ዋጋ ግዛ፣ ግን ከእኛ ሰርቨር ውጭ አትጫወተውም የሚለው አሠራር ነው ሰው ያልተቀበለው። ጉግል ለጌሞቹና ከራሱ መደብር ለተሸጡት ዕቃዎች ገንዘብ መለሰ፤ ሌላ ድርጅት እንደዚያ እንደሚያደርግ ዋስትና የለም።

ወጪው ከቪዲዮ ጋር የማይገናኝበት ምክንያትም አለ። አንድ ፊልም አንዴ ተጨምቆ ለሚሊዮን ሰው ይላካል። ጌም ግን ለእያንዳንዱ ተጫዋች የራሱ ግራፊክስ ካርድ ወይም የካርድ ድርሻ፣ የራሱ ኢንኮደር (ምስል መጭመቂያ) ይፈልጋል። የአንድ አካባቢ ሰው ደግሞ የሚጫወተው በተመሳሳይ የምሽት ሰዓት ስለሆነ፣ ለምሽቱ የተገዛው ማሽን ጠዋት ባዶውን ይቆማል። የ100 ሰዓቱም ገደብ፣ የወረፋውም ጥበቃ ከዚህ ነው የሚመነጨው።

ማይክሮሶፍት ከሁሉም በላይ ወደዚህ እየገፋ ነው። የኤክስቦክስ አፕ ከ2022 ጀምሮ በሳምሰንግ ቲቪ፣ ከ2024 ጀምሮ በአማዞን ፋየር ቲቪ ስቲክ ላይ አለ። በጥቅምት 2025 ክላውዱን የያዘውን ወርኃዊ ምዝገባ፣ ጌም ፓስ አልቲሜትን፣ አሜሪካ ውስጥ ወደ 29.99 ዶላር አሳደገው። የእንግሊዝ የውድድር ባለሥልጣን በ2023 ማይክሮሶፍት የጌም ሠሪውን የአክቲቪዥንን ግዢ መጀመሪያ ያገደበት ለዚሁ ለክላውድ ገበያ ሰግቶ ነበር፤ የተፈታው በ15 ዓመት ውስጥ የሚወጡት የአክቲቪዥን ጌሞች የክላውድ መብት ለሌላው ጌም ሠሪ ለዩቢሶፍት ሲሰጥ ነው። ማለትም የወደፊቱ ገበያ ውስጥ ክላውድ አለበት። ሜክሲኮ ላይ ዛሬ በሰዓት ለሚከፍል ደንበኛ ግን ኮንሶል ነው መልሱ።

ሜክሲኮ_ጌም (ጠያቂ)

በጣም አመሰግናለሁ፤ ክላውዱን ትተነዋል። እንግዲህ ፒኤስ 4 ስሊም ያገለገለ ወይስ ፒኤስ 5? ዲስክ ያለው ወይስ ዲጂታል? ደንበኛው በአብዛኛው ኳስ ነው የሚጫወተው።

ጆይስቲክ_ጠጋኝ

ወንድሜ፣ ለኳስ ቤት ዲስክ ያለውን ያዝ፤ በዚህ አልደራደርም። ምክንያቱን ልንገርህ።

ዲጂታል ጌም (ያለ ዲስክ ከኢንተርኔት ገዝተህ የምታወርደው) ያለ ኢንተርኔት የሚከፈተው ኮንሶሉ የአካውንቱ ዋና ማሽን ተብሎ ከተመዘገበ ነው። አንድ አካውንት አንድ ዋና ፒኤስ 4 እና አንድ ዋና ፒኤስ 5 ብቻ ነው የሚመዘግበው። ስድስት አንድ ዓይነት ኮንሶል በአንድ አካውንት ልታስኬድ ብትሞክር መስመሩ በጠፋ ቁጥር አምስቱ ላይ የቁልፍ ምልክት ይመጣና ጌሙ አይከፈትም። ዲስክ ካስገባህ ግን ሁለት ሰው በአንድ ቲቪ ለመጫወት ኢንተርኔትም ፒኤስ ፕላስም (የሶኒ የኦንላይን ክፍያ) አያስፈልግም። የግድ መስመር የሚፈልጉት አልቲሜት ቲም (የራስህን ቡድን የምትገነባበት ሞድ) እና ሌሎቹ የኦንላይን ሞዶች ናቸው።

ከዲስክ የጫንከው ኳስ ግን ዲስኩ የታተመበትን ቀን የቡድን ዝርዝር ነው የሚያሳየው። ደንበኛ ዝውውሩን ካላየ ይጮኻል። በወር አንዴ መስመሩ ባዶ በሆነበት ሌሊት አፕዴት አድርግ። የጌሙን ፋይል ለስድስቱም ማውረድ የለብህም፤ በአንዱ አውርደህ ወደ ዩኤስቢ ሃርድ ዲስክ አንቀሳቅስና ወደሌሎቹ አዙረው። የፒኤስ 4 ጌም ከዩኤስቢው ላይ በቀጥታ ይሠራል፤ የፒኤስ 5 ጌም ግን ዩኤስቢው ላይ ይቀመጣል እንጂ አይከፈትም፣ ወደ ውስጥ መመለስ አለበት።

ፒኤስ 5 ስሊም ስትገዛ የዲስክ ማንበቢያው ተነቃይ መሆኑን እወቅ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገጠም በኢንተርኔት ከኮንሶሉ ጋር መመዝገብ አለበት፤ ሳይመዘገብ ዲስክ አያነብም። ፒኤስ 5 ፕሮ ደግሞ ያለ ማንበቢያ ነው የሚሸጠው፣ ለኳስ ቤትም ብክነት ነው።

ፒኤስ 4 ለመጀመር ይበቃል። ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ 26 ለፒኤስ 4 ወጥቷል፤ ሃይፐርሞሽን የሚሉት የተጫዋቾች እንቅስቃሴ ግን የለውም። የኔ ምክር አራት ፒኤስ 4 ስሊምና ሁለት ፒኤስ 5 ነው፤ የፒኤስ 4 ዲስክ በፒኤስ 5 ስለሚሠራ ዲስኩን ማዞር ትችላለህ። ልብ በል፣ የፒኤስ 4 ጆይስቲክ በፒኤስ 5 ላይ የፒኤስ 4 ጌም ብቻ ነው የሚያጫውተው። «ጆይስቲክ አለን» ብለው ፒኤስ 5 ብቻውን ገዝተው ለሚመጡ ሰዎች ይህ ነው የሚያደናቅፋቸው።

ያገለገለ ፒኤስ 4 ስትገዛ ሻጩ ፊት የምታደርገው፦ ከጀርባው ሲዩኤች-2 (CUH-2) ብሎ የሚጀምር የስሊም ቁጥር መሆኑን እይ። የኤችዲኤምአይ ሶኬቱን በባትሪ አብራ፤ ምላሱ የተጣመመ ወይም ኬብሉ ሲነካ ምስሉ የሚጠፋ ከሆነ ተወው። በጌም ቤት አዘውትሮ የሚሰበረው እሱ ነው። ዲስክ አስገባና ጌሙ እስኪጫን ጠብቅ፤ መግባቱና መውጣቱ ብቻ አይበቃም። ለ30 ደቂቃ አስጫውተው፤ ማራገቢያው እየጮኸ ሄዶ ማሽኑ ከጠፋ አቧራ ወይም የደረቀ የሙቀት ፓስታ ነው፣ ይጠገናል፣ ግን ዋጋ አስቀንስ። በመጨረሻ በራስህ አካውንት ግባ፤ ማሽኑ በሶኒ የታገደ ከሆነ እዚያ ላይ ይታወቃል።

ፒኤስ 5ን ግን ለማንም አታስፈታ። በፕሮሰሰሩ ላይ ያለው ፓስታ ሳይሆን ፈሳሽ ብረት ነው፤ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ወደ ቦርዱ ከፈሰሰ ማሽኑ ይቃጠላል። አቧራውን በውጭ መክደኛው ብቻ ከፍተህ አጽዳ።

ጆይስቲክ በመቀመጫ ሁለት፣ ለስድስቱ ደግሞ አራት ትርፍ ያዝ። ሳይነኩት ተጫዋቹ ብቻውን የሚሄደው በስቲኩ ሥር ያሉት መለኪያዎች በመፈተግ ስለሚያልቁ ነው። አልኮል መርጨት ለጊዜው ይረዳል እንጂ አያድነውም። በማግኔት የሚሠራውን የስቲክ ሞጁል ካገኘህ በብየዳ ይቀየራል፤ ከተቀየረ በኋላ ካሊብሬት ካልተደረገ (መለኪያው ካልተስተካከለ) ግን መሐሉን አይዝም።

እና እባክህ ሁሉንም ቲቪ ጌም ሞድ (መዘግየትን የሚቀንስ የቲቪ ቅንብር) ላይ አድርግ። ብዙ ቲቪ በተራ ምስል ከ50 ሚሊሰከንድ በላይ ያዘገያል፤ ሰው ጆይስቲኩን ይወቅሳል።

አሌክሳንድሪያ_ቪኤ

ዲስክም ቢሆን ሁሌ መተማመኛ አይደለም። ዩቢሶፍት ዘ ክሩ የተባለውን የመኪና ጌም ሰርቨር በመጋቢት 2024 ሲዘጋ ዲስክ የገዛውም ሰው ቀረበት፣ ጌሙ ያለ ሰርቨር ስለማይከፈት። የኔንቴንዶ ስዊች 2 ጌም-ኪ ካርድም በውስጡ ጌሙ የለም፤ ማውረጃ ፈቃድ ብቻ ነው። ከመግዛትህ በፊት ሽፋኑ ላይ ኢንተርኔት የግድ ነው የሚል ጽሑፍ መኖሩን አንብብ።

ሰንሻይን_ተጠቃሚ

ክላውዱን ቤት ውስጥ ማድረግም አለ፤ ሰንሻይን የሚባለውን ነጻ ሶፍትዌር ጥሩ ግራፊክስ ካርድ ባለው ኮምፒውተር ላይ፣ ሙንላይትን ደግሞ ቲቪው ላይ ትጭናለህ። ሁለቱ በኬብል ከተገናኙ በ30 ሜጋ 1080ፒ ያለ ችግር ይሄዳል፣ ከውጭ ኢንተርኔትም አይነካም። ግን በተለመደው አሠራር አንድ ኮምፒውተር አንድ መቀመጫ ነው። መኝታ ቤት ያለውን ኮምፒውተር ሳሎን ለሚጫወት ሰው ግሩም ነው፤ ለስድስት መቀመጫ ግን ስድስት ኮምፒውተር ልትገዛ ነው፣ አትሞክረው።

ሜክሲኮ_ጌም (ጠያቂ)

አራትና ሁለቱን እንይዛለን። የመብራቱን ነገር ብቻ፤ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባለ ባትሪ ሣጥን) በየመቀመጫው ወይስ አንድ ትልቅ?

ጆይስቲክ_ጠጋኝ

ፒኤስ 5 ከባድ ጌም ላይ 200 ዋት ገደማ፣ ፒኤስ 4 ስሊም 90 ገደማ፣ ባለ 43 ኢንች ቲቪ 80 ገደማ ይወስዳል። ያንተ ድምር 400፣ 360 እና 480፣ በጠቅላላው 1,240 ዋት።

በየመቀመጫው 1,000 ቪኤ ዩፒኤስ ብታደርግ በውስጡ ያለችው ባለ 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ ለአንድ ፒኤስ 5 ከነቲቪው ከዐሥር ደቂቃ ብዙም አትዘልም፤ ጌሙን አስቀምጦ ለማጥፋት ነው የምትሆነው። መብራት ሲጠፋ ማስጫወት ከፈለግህ ባለ 24 ቮልት፣ 200 አምፒር ሰዓት ሊቲየም ባትሪ ከ3,000 ዋት ኢንቨርተር ጋር ያዝ። ይህ 5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ ብክነቱ ተቀንሶ ከሦስት ሰዓት ትንሽ በላይ ያስጫውትሃል። ኢንቨርተሩ ንጹሕ ሳይን ዌቭ ይሁን፤ ርካሹ ዓይነት የኮንሶሉን ፓወር ሰፕላይ ያስጮኸዋል፣ ያሞቀዋልም።

መብራት ሲመለስ የሚመጣው ከፍተኛ ቮልቴጅ ነው አብዛኛውን ማሽን የሚያቃጥለው። ከኢንቨርተሩ በፊት ቮልቴጁ ሲዛባ የሚቆርጥና መብራት ከተመለሰ ከሦስት ደቂቃ በኋላ የሚያገናኝ መከላከያ አስገባ። ስድስቱን በአንድ ዲቫይደር ላይ አትሰካ፤ ለሁለት መቀመጫ አንድ መስመር ከነብሬከሩ አስዘርጋ። ኮንሶሎቹን በሬስት ሞድ (በከፊል ጠፍተው በሚያድሩበት) አታሳድር፣ ሙሉ በሙሉ አጥፋቸው፤ በሬስት ሞድ እያሉ መብራት ከሄደ ሲበሩ ማከማቻውን መፈተሽ ይጀምራሉ፣ አንዳንዴም የተቀመጠው ጌም ይበላሻል። ያ ከሆነ በሴፍ ሞድ (የመጠገኛው ሜኑ) ገብተህ ዳታቤዙን እንደገና እንዲሠራ እዘዘው፤ ጌሙን አያጠፋም።